ክቡር አለፍ-እንበል ደሴት ላይ

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ምግብ ቤት በር ላይ ደርሳችሁ፣ ሆዳችሁ እየጮኸ፣ አስተናጋጁ ወንበር ስቦ እየጠበቃችሁ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግራና ቀኝ ያይና «ጥሩ ነው፤ ግን እስቲ ትንሽ አለፍ እንበል» ይላል። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ወይ አጎታችን ነው፣ ወይ የሥራ ባልደረባችን፣ ወይ ደግሞ ዕድላችን ሲጣመም አባታችን።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር የላቸውም፤ የመሰብሰቢያ ቦታ መምረጥ ስለማይችሉ ነው። ቢኖራቸው ኖሮ ሊቀ መንበሩ ክቡር አለፍ-እንበል በሆኑ ነበር። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ባለቤታቸው ናት፤ እኛም በተሰጣቸው ማዕረግ እንጠራቸዋለን።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። አንድም ቀን ፌርማታ ላይ ቆመው አያውቁም። ሁልጊዜ ትንሽ አለፍ ብለው ነው የሚቆሙት። ተሳፋሪው እየሮጠ ይደርስባቸዋል፤ ወራጁ እየተነጫነጨ ወደ ኋላ ይመለሳል። አለቆቻቸው ጠርተው ሲጠይቋቸው «እዚያ ጋ እኮ ጥላ የለም» ይላሉ። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። ያኔ ወጣት ነበረች፤ መውረጃዋን አሳልፈውባት እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ ቆማ ስትሰድባቸው ሄደች። በማግስቱ ያንኑ አውቶቡስ ጠብቃ ተሳፈረች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው ካለ «ስድቡን አልጨረስኩም ነበር» ትላለች።

ተጋብተው ቤት ለመከራየት በወጡ ጊዜ ከመሀል ከተማ ተነሥተው አለፍ አለፍ ሲሉ ከተማው አልቆባቸው ነው የቆሙት። አንዲት ልጃቸው ልትወለድ ስትል እንኳ ቅርባቸው ያለውን ጤና ጣቢያ «መብራቱ ደብዘዝ ብሏል» ብለው አልፈውታል። ልጅቷ ቀጣዩን አልጠበቀችም፤ ታክሲ ውስጥ ተወለደች። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷን ትወዳለች፤ ግን አብራቸው መንገድ ከመውጣት ጥርሷን ብታስነቅል ይሻላት ነበር።

አሁን አብራቸው ወደ ደሴት የወጣችው ለእናቷ ስትል ነው። እናቲቱ ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ድናለች። ሐኪሙም በሽታው ሄዷል ብሏል። ምግብ ግን እንቢ አላት። ሳህኑ ሲቀርብላት አንድ ጊዜ ትቀምስና በሁለት ጣቷ ወደ መሀል ገፋ አድርጋ «ቆየት ብዬ እበላለሁ» ትላለች። ቆይታም አትበላም። ልብሷ ሁሉ የሌላ ሰው መሰለ። ሐኪሙ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ «መድኃኒቷ ምግብ ነው፤ በዚህ ከቀጠለች ግን ተመልሳ አልጋ ላይ ትወድቃለች፤ ያኔ መነሣቷን እንጃ» አላት። ልጅቷ ከመድኃኒት ቤቱ ያላመጣችላት የምግብ ፍላጎት መክፈቻ የለም፤ ሽሮፑም ክኒኑም አልበጀም።

አንድ ቀን ግን እናቲቱ ቴሌቪዥን ላይ ባሕር አየችና «እዚያ ብሆን ዓሣ እበላ ነበር» አለች። እንዲሁ ከአፏ ያመለጠ ነገር ነው። ልጅቷ ያቺን ቃል እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዘቻት። ዕረፍት ጠየቀች፣ ትኬት ቆረጠች፣ እናትና አባቷን ይዛ ዘንባባ ወደበዛበት አንድ ሞቃት ደሴት ሄደች።

ከጀልባ እንደወረዱ ፊት ለፊታቸው አንድ እንግዳ ማረፊያ ነበር። በረንዳው ባሕሩ አፍ ላይ ነው፤ አየሩ ልብ ያርሳል። የማረፊያው ባለቤት ቁልፍ ይዛ ወጣች። ክቡር አለፍ-እንበል ፍራሹን በቡጢ ደቁት፣ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ትራሱን አሸተቱ፣ ከመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ባሕሩን ራሱን ገመገሙት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ማዕበሉ ይጮኻል። እስቲ ትንሽ አለፍ እንበል።»

ሁለተኛው ከመንገዱ ገባ ያለ ነበር። «ማዕበሉ ጨርሶ አይሰማም፤ ታዲያ ለምን ባሕር መጣን?» አሉ። ሦስተኛው ቤት ደግሞ ደረጃ አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ስለሌለው ጎርፍ ይገባዋል። እንዲህ ሲሉ ፀሐይ ልትጠልቅ ደረሰች፤ ባዶ ክፍል የተገኘውም ከአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ብቻ ሆነ። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የተሰጣ አንሶላ ነው።

«ይኸው፣ ባሕር ላሳይሽ ያለኝ ሰው የሰው አንሶላ አሳየኝ» አለች እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ግን ደክሟት ነበር። አከራይዋ ትኩስ ሾርባ አመጣችላት፤ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመሩ፤ ረዘም ላለ ጊዜም አጠበቁት።

በማግስቱ ምሳ ሊበሉ ወጡ። መንገዱ ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ምግብ ቤቶቹም ተሰልፈው እንግዳ ይጣራሉ። ልጅቷ እናቷን ክንዷን ደግፋ ትሄዳለች፤ አባትየው ፊት ፊት። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አለው። ክቡርነታቸው አስተናጋጁን «ዘይቱ የመቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። የዛሬ ነው አላቸው። «ሁሉም የዛሬ ነው የሚለው» ብለው አለፉ። ቀጣዩ ባዶ ነበር። «ሰው የሌለበት ቤት ምክንያት አለው» አሉ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጢም ብሎ ሞልቷል። «ይሄን ሁሉ ሰው የሚያስተናግድ ምግብ አብሳይ እጁን መቼ ይታጠባል?» አሉ። አንዱ ጋ ሙዚቃው በዛ፣ አንዱ ጋ የዓሣው ዓይን ደፈረሰ፣ አንዱ ጋ ደግሞ ምግብ አብሳዩ ከሲታ ነበር፤ «የራሱን ምግብ ያልወደደውን እኛ ልንወድለት ነው?» ተባለ።

«የምሳችን ሰዓት አልፎ እራታችንን ልንይዘው ነው» አለች እናቲቱ። ድምፅዋ ቀልድ አለው፤ እግሯ ግን ቀልዱን አላገዘውም። ልጅቷ የእናቷ ክብደት ክንዷ ላይ እየበዛ ሲሄድ ተሰማት።

ደሟ ፈላ። እናቷን አንድ ዘንባባ ጥላ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና አባቷን ኮኮናት ከሚሸጥበት ጋሪ ጀርባ ወሰደቻቸው።

«አባዬ፣ በቃህ! ሐኪሙ ያለኝን ነግሬህ የለም እንዴ? እግሯ እየከዳት ነው። ምን እስኪገኝ ነው የምታዞራት?»

ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አወለቁና በእጃቸው ያዟዙሩት ጀመር።

«ምንም እስኪገኝ አይደለም» አሉ። «ሁሉም ጥሩ ናቸው። የመጀመሪያውም ጥሩ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ከተቀመጥን ምግብ ይመጣል። ምግቡ ሲመጣ ደግሞ ትገፋዋለች።» ኮፍያቸውን መልሰው ደፉና «እየሄድን እስካለን ድረስ ግን ገና ልትበላ ነው። ገና ነው፣ ይገባሻል? እኔ ሌላ ሳህን ስትገፋ ማየት አልችልም፣ ልጄ። ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፤ እሱን ግን አልችልም» አሉ።

ልጅቷ ልትናገረው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው። ሁሉንም ተወችው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሻለ ፍለጋ አልፈው ሲሄዱ ስታይ ኖራለች፤ ፈርተው አልፈው ሲሄዱ ግን ዛሬ ገና ማየቷ ነው። አንጀቷን በሏት። እሷስ ብትሆን ሳህኑ ሲመጣ ዓይኗን የት እንደምታደርግ መች ታውቃለች?

ይህን እያሰበች ሳለ ከወደ ባሕሩ ድምፅ መጣ።

«ወራጅ አለ!»

ሁለቱም ዞሩ። እናቲቱ ድንጋዩ ላይ የለችም። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከሚያቆሙበት ጋ፣ በአራት ምሰሶ ላይ ሸራ የተወጠረበት፣ ምግብ ቤት ለማለትም የሚያሳፍር ነገር ነበር። እናቲቱ እዚያ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ከጎኗ አንዲት ወፍራም ሴት ከሰል ላይ ዓሣ ትገለብጣለች። ዝንቡም አለ፣ ጭሱም አለ፣ የዓሣው ቅርፊትም እግር ሥር ተበትኗል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ወርጃለሁ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አንተ ከፈለግህ እስከ መጨረሻው ሂድ! በረሃብ ልትገድለኝ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ረሃብ የሚለው ቃል ከእናቷ አፍ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

ጥብሷን የምትገለብጠው ሴት «ምን ልስጥሽ፣ እናቴ?» አለቻት።

«ያለሽን። ብቻ ቶሎ በይ፣ እሱ ሳይደርስ።»

ክቡር አለፍ-እንበል ደረሱ። ሸራውን አዩ፣ በሽቦ የታሰረውን ወንበር አዩ፣ ዝንቡን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። እናትና ልጅ ያቺን የታወቀች ዐረፍተ ነገር ጠበቁ። ክቡርነታቸው አፋቸውን መልሰው ዘጉት፤ ዓሣው ከከሰሉ ሲነሣ ግን ፊታቸውን አዞሩና «እስቲ ጀልባዎቹን ልያቸው» ብለው ወደ ውኃው ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው አንዱን አሮጌ ጀልባ ሊገዙት እንደመጡ ሰው ይደባብሱት ጀመር።

ሳህኑ ቀረበ። ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ የተቆረጠ ሎሚ። ልጅቷ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አቆላልፋ የሎሚውን ፍሬ ትመለከት ነበር፤ እናቷን ላለማየት። እናቲቱ ሎሚውን ጨመቀች። ቀመሰች። ሁለት ጣቶቿ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ሄዱ።

ጣቶቹ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳቡት።

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። እናቲቱ ሹካውን ተወችው፤ በእጇ ሆነ። ሥጋውን ከአከርካሪው እየለየች፣ ሩዙን እየጠቀለለች፣ አሁንም አሁንም እየጎረሰች ሄደች። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። አንድ ጎኑን ጨርሳ ዓሣውን ስትገለብጠው ልጅቷ ሳታውቀው እንባዋ ወርዶ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ብይ እንጂ» አለቻት እናቷ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ። «ደግሞ ሂጂና ያንን ሰውዬ ጥሪው። ዓሣው እያለቀ ነው በይው።»

ልጅቷ በአሸዋው ላይ ወደ ጀልባው ሄደች። አባቷ ኮቴዋን ሰሙ፤ አልዞሩም። መዳፋቸው አሮጌው እንጨት ላይ እንዳረፈ ቀስ ብለው ጠየቋት።

«ገፋችው?»

«አልገፋችውም፣ አባዬ። ዓሣው እያለቀ ነው፣ ቶሎ ይምጣ ብላሃለች።»

ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷም ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይለቅ» አሉ በመጨረሻ። «ትጨርሰው።»