በቆሎ የሌለበት የበቆሎ ለስላሳ

አታምኑኝም! ሰኞ ጠዋት፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ በትምህርት ቤታችን ማይክ ጽሑፍ የማነበው እኔ ነኝ!

እኔ! ማሂ! ባለፈው ዓመት "ስለ ራስሽ አምስት መስመር ጻፊ" ስባል ሦስት ጽፌ ሁለቱን ባዶ የተውኩት!

ከደስታዬ ብዛት ከሱቅ እስከ ቤት በዚህ የሮቢት ሙቀት ሮጬ ነው የመጣሁት። ላቤ ስልኬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው የምጽፍላችሁ።

ግን ቆይ። ምን እንደማነብ ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ሲስቅብኝ ቆይቶ የእናንተ ምን ይጎዳኛል?

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ባለፈው ሳምንት ፖስት ያደረግኳትን ጽሑፍ ታስታውሳላችሁ አይደል? የአሜሪካ ለስላሳ የሚጣፍጠው በስኳር ሳይሆን ከበቆሎ በሚወጣ ሽሮፕ ነው የሚል ቪዲዮ አይቼ፣ የእኛን የጠርሙስ ለስላሳ ከውጭ ጣሳ ጋር ያወዳደርኩባት። "የበቆሎው ጣፋጭነት ምላስ ላይ እንደ ማስቲሽ ይለጠፋል፤ ስኳሩ ግን ሰላም ብሎ ይሄዳል" ያልኩባት!

እሷን ስንት ጊዜ መልሼ እንዳነበብኳት አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ላይክ ያደረጋትም ሰው እኔ ነኝ።

ጣሳዎቹ የመጡት ከአጎቴ ነው። ጀውሃ ላይ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር "የውጭ ነው" ብሎ ሦስት ጣሳ ሰጠው። አንዱን ለጽሑፉ ስል ጠጣሁት፣ ሁለቱን ደበቅኳቸው።

"የትኛው ውጭ?" ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ውጭ ውጭ ነዋ!

ትናንት፣ ሐሙስ፣ የሚኒ ሚዲያ ኃላፊያችን ቲቸር መሠረት ጠሩኝ።

"ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ። ሰኞ ታነቢዋለሽ። ግን መጀመሪያ ዓይንሽ ታስሮ ሰው ፊት ለይተሽ አሳዪኝ። ካልሆነ አይነበብም።"

አይነበብም! ለሰኞ የምሠራውን ሹሩባ እንኳ መርጬ ጨርሼ ነበር እኮ!

ስለዚህ ዛሬ፣ ዓርብ፣ ከትምህርት በኋላ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ተሰበሰብን። ጋሼ ታደሰ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማይቀምሱ እሳቸውን ጠበቅን፤ "እኔም ሳልቀምስማ አይጀመርም" ብለዋላ።

ቀጂዋ ደግሞ ዘሃራ ናት፣ የልብ ጓደኛዬ። ረመዳን ይዛለች። ጠብታ እንኳ ከንፈሯን እንደማይነካ ሁሉም ያውቃል። ከሷ የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል?

ስድስት የቡና ሲኒ። ሦስቱ ከጠርሙስ፣ ሦስቱ ከጣሳ። ሁለቱም ከአንድ ፍሪጅ የወጡ፣ እኩል የቀዘቀዙ። ሳይንስ ነው፣ ቀልድ የለም!

ዘሃራ አንዱን ጣሳ ከፍሪጅ አወጣችና አገላብጣ አየችው።

"ማሂዬ፣ እዚህ ጣሳ ላይ እኮ..."

"እሽሽ! ዳኛ አያወራም!"

"አንዴ ስሚኝማ..."

"ዘሃራ! ፍንጭ ልትሰጪኝ ነው? ዳኛ አያወራም አልኩ እኮ!"

ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። እኔ የዳኝነት ጨዋነት መስሎኛል!

ዓይኔን በሻርፕ አሰረችኝ። የባጃጅ ሹፌሩ ኪዳኔ ከደጅ "ለስላሳ በነጻ ለመጠጣት ይሄ ሁሉ ድራማ!" ሲል ይሰማኛል። ናቅኩት።

አንደኛው ሲኒ። ጎንጨት። "ጠርሙስ!"

ሁለተኛው። "ጣሳ!" ሦስተኛው። "ጣሳ!" አራተኛው ላይ ትንሽ ቆየሁ። እውነት ለመናገር ቆም ያልኩት ለድራማው ነው። "ጠርሙስ!"

ስድስቱንም አገኘሁ። ስድስቱንም!!

ጮህኩ። ዘለልኩ። ጋሼ ታደሰ አጨበጨቡ። ቲቸር መሠረት "ጎበዝ!" አሉ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን ነበረበት?

የባዶ ጠርሙስ ሳጥን ላይ ወጣሁላችሁ! ባዶ ጣሳዋን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ንግግር! "የኔ ምላስ አይሳሳትም! ይኼ የበቆሎ ሽሮፕ ጉሮሮ ላይ ሲንጠላጠል ወዲያው ያስታውቃል!"

ዘሃራ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች እጇን አወጣች።

"አሁን ዳኛዋ ማውራት ትችላለች?"

"ትችላለች!" አልኩ፣ በንግሥት ድምፅ።

"ጣሳው ላይ 'ሱከር' ነው የሚለው። በአረብኛ። ስኳር ማለት ነው፣ ወላሂ።"

ጣሳዋን ዝቅ አደረግኳት።

ዘሃራ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁርኣን ቤት የተማረች ልጅ ናት። እኛ ስንቀምስ እሷ የምታደርገው ስላልነበራት ጣሳ ታነብ ነበር!

ቲቸር መሠረት ጣሳዋን ተቀበሉኝ። እንግሊዝኛው ላይ የተለጠፈችውን የዋጋ ወረቀት በጥፍራቸው ላጧት። ውኃ፣ ስኳር፣ ጋዝ፣ ማቅለሚያ። የተመረተው አረብ አገር።

በቆሎ የለም። ሽታውም የለም!

አረብኛውን እኮ አይቼዋለሁ! "አሜሪካ ለአረቦችም ትሸጣለች" ብዬ ነው ያለፍኩት። የዋጋዋን ወረቀትም አይቻታለሁ። ለፎቶ ስለማታምር ጣሳውን አዙሬ ነው ያነሳሁት።

እና ሁለቱም ስኳር ነበሩ። ሰላም ብሎ የሚሄደውም ስኳር፣ እንደ ማስቲሽ የሚለጠፈውም ስኳር!

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ኪዳኔ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲንፈራፈር የባጃጁ ጥሩምባ አብሮት ይጮኻል። "በቆሎ ከፈለግሽ ማጀቴ ገበያ ላድርስሽ!" ጋሼ ታደሰ እንባቸውን እየጠረጉ "ልጄ፣ መጀመሪያ ከሳጥኑ ውረጂ፣ ጠርሙሱ ይሰበራል" አሉኝ።

ለካ እስካሁን ሳጥኑ ላይ ነኝ!

"መለየቱንስ ለይተሻል" አሉ ቲቸር። "የጠርሙሱ ጋዝ ጠንከር ይል ይሆናል፣ ቅመሙም ይለያይ ይሆናል። በቆሎውን ግን ከየት አመጣሽው?"

"ከቪዲዮ።"

"ቪዲዮው ይህን ጣሳ ቀምሶታል?"

"አልቀመሰም።"

"እንግዲያው ያ ጽሑፍ ሰኞ አይነበብም።"

ማይኩ! ሹሩባዬ! ልቅሶዬ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ እሱ እንኳ በእውነት ተለጥፎ።

ዘሃራ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "ቀድሜ ልነግርሽ ነበር" ማለት ትችል ነበር። መብቷ ነው! እሷ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ስኳሩ ሰላም ብሎሽ ሄደ?" አለችኝ።

ፈነዳሁ! በሳቅ! እንባዬም አብሮ ወረደ፣ የቱ የሳቅ የቱ የልቅሶ እንደሆነ እንኳን እናንተ እኔም አልለየሁትም። ይኸው የማልለየው ነገር ተገኘ!

ቲቸርም መሳቅ ጀመሩ። "የዛሬውን ጻፊው። ምንም ሳታስቀሪ። ሰኞ እሱን ታነቢያለሽ።"

"ሳጥኑንም?"

"በተለይ ሳጥኑን።"

ይኸው ጻፍኩት! አሁን ያነበባችሁት ነው ሰኞ በማይክ የሚሰማው። ኪዳኔ ካሁኑ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ሊያዳምጥ ዝቷል። የመጀመሪያዋ ጽሑፌ ታምር ነበር፣ አልክድም። ችግሯ ውሸት መሆኗ ብቻ ነው።

እውነተኛው የበቆሎ ሽሮፕ ምን ምን እንደሚል ግን እስካሁን አላውቅም። ይለጠፍ ይሆናል። አይለጠፍም ይሆናል።

ስለዚህ ከሮቢትም ሁኑ ከአጣዬ፣ የበቆሎ ለስላሳ በእጁ ያለው ሰው በሚመጣው ዓርብ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ይዞ ይምጣ። ጀርባውን ግን ቤታችሁ አንብባችሁ ኑ፤ የተለጠፈበት ወረቀት ካለም ልጣችሁ! ሲኒ በየራሳችሁ ያዙ።

ሰዓቱ መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዘሃራ በተምር ታፈጥርና የመጀመሪያው ሲኒ የሷ ይሆናል። ዓይኗን የማስረውም፣ የምቀዳውም እኔ ነኝ።

ማሂ ንግግር ታደርጋለች ብላችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ። ዳኛ አያወራም።