ነገ የተሰጠ ደም

ገለታ፦ ደም የሰጠሁት ሚያዝያ አሥራ ሁለት ነው። ወይስ አሥራ ሦስት? ኧረ አሥራ ሁለት ነው! ከፋሲካ በኋላ ያለው ዓርብ፣ የዶሮው ቅቤ ገና ከጢሜ ሳይለቅ። ደግሞ ከእኔ ፊት የገባው ሰው ጧ ብሎ የወደቀ ዕለት።

ኑሪ፦ [ሳል ሳል ይለዋል] እሱን ተዉት ጋሼ። ሲስተሙ ሚያዝያ ሃያ ነው የሚለው።

ገለታ፦ ዛሬ ስንት ነው?

ኑሪ፦ አሥራ ዘጠኝ።

ገለታ፦ ታዲያ ደም የሰጠሁት ነገ ነው?

ኑሪ፦ እ... እንደ ሲስተሙ፣ አዎ።

ገለታ፦ ነገ ለሰጠሁት ደም ዛሬ ውጤት ልወስድ መጣሁ በለኛ!

ኑሪ፦ ለዚህ እኮ ነው እምቢ ያለው። ሲስተም አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰው ነው።

[ዛሬ ፎቅ የበቀለበት፣ ያኔ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ የነበረው የካዛንቺስ ክሊኒክ ነው። በመጠበቂያው ክፍል ጥግ፣ ታካሚ የጤና መዝገቡን ራሱ ከፍቶ የሚያይበት አዲስ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ዘርግቶ የጨረሰው ኑሪ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። አጠገቡ ነጭ በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው የተቀመጡት አቶ ገለታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ በስልክ ኦፕሬተርነት ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።]

ገለታ፦ ይሄን ቀን ማነው የሚልክልህ?

ኑሪ፦ የላቦራቶሪው ማሽን። እሱ ፈረንጅ ስለሆነ ኤፕሪል ሃያ ብሎ ይልካል። እኔ ወደ አማርኛ ተረጎምኩት። ኤፕሪል ማለት ሚያዝያ።

ገለታ፦ ሃያውንስ?

ኑሪ፦ ሃያ ሃያ ነዋ ጋሼ! ቁጥር ደግሞ ይተረጎማል እንዴ?

ገለታ፦ እንጃ። ሃያ ሰባት ዓመት የፈረንጅ ስልክ ሳገናኝ የኛ ሚያዝያ አሥራ ሁለት የእነሱ ኤፕሪል ሃያ ነበር። ግን እኔ ምን አውቃለሁ? ተለውጦ ይሆናል።

ኑሪ፦ [ጣቱን ይቆጥራል፤ ጆሮው ይቀላል] ማለቴ... እሱ ትንሽ የሴቲንግ ጉዳይ ነው። በቃ፣ ለእርስዎ ስል ኮምፒውተሩን ወደ ነገ እገፋዋለሁ። ይኸው፣ ነገ ሆነ! አሁን ውጤትዎን...

ገለታ፦ ቆይ! እንዳታነበው!

ኑሪ፦ እኔ አይደለሁም የማነበው፣ እሷ ናት። ማየት ለተሳናቸው ብዬ ድምፅ አስገብቼበታለሁ። ሁለት ስፒከር! እስከ ኡራኤል ይሰማል።

ገለታ፦ እስከ ኡራኤል?

ኑሪ፦ ተደራሽ ማለት ይሄ ነው። ግድግዳው ላይም "ማየት የተሳናችሁ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫኑ" የሚል ማስታወቂያ በትልልቁ አስለጥፌያለሁ።

ገለታ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንብቤ ስጨርስ እጫነዋለሁ። [ከኮታቸው ኪስ የተጠቀለለ ኢርፎን ያወጣሉ] በዚህ መስማት አይቻልም?

ኑሪ፦ ኢርፎን ምን ያደርግልዎታል? የተሳነዎት ማየት እንጂ መስማት አይደለም።

ገለታ፦ እኔስ እሰማለሁ። ችግሩ ብርኽቲም ትሰማለች።

[ከኋላ ወንበር ላይ፣ የቂርቆስ ጎረቤታቸው እትዬ ብርኽቲ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ ያደርጋሉ።]

ገለታ፦ [በለሆሳስ] አምና በወረቀት የመጣውን ውጤት ያነበበችልኝ እሷ ናት። በበትሬ እየዳሰስኩ ቤቴ እስክደርስ ሰፈሩ በሙሉ ግፊት እንዳለብኝ ሰምቷል። ለቅሶ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ለእኔ ብቻ ጨው የሌለው ወጥ ቀረበልኝ። ሰው የሞተበት ሐዘንተኛ እንኳ ለእኔ አዘነልኝ!

ኑሪ፦ ታዲያ ጎረቤት ቢያስብ ምን አለበት?

ገለታ፦ የአሁኑ የስኳር ነው ልጄ። ፀሎት፣ ያለችኝ አንድ ልጅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታገባለች። ክፉ ከሰማች ሠርጉን አፍርሳ አልጋዬ ሥር ነው የምትቀመጠው። ክፉም ይሁን ደግ መጀመሪያ እኔ ልስማው። መቼ እንደምነግራት እኔ ልቁረጥ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የራሴን ወሬ ከሰው አፍ ነው የሰማሁት።

ኑሪ፦ አይስጉ ጋሼ፣ ሲስተሙ ምስጢር ይጠብቃል። የይለፍ ቁጥር አለው።

ገለታ፦ በሩን ቆልፈህ ጣሪያውን ከፈትከዋ! [ትንሽ አሰብ አድርገው፣ የዋህ መስለው] እንግዲህ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። እስቲ ያንተን ክፈትና እንዴት እንደሆነ ልስማ።

ኑሪ፦ [ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት፣ ሜቲ ወደምትቀመጥበት ሰረቅ አድርጎ ያያል] የኔን? ምን ችግር አለው! ሠራተኛው ሁሉ ተመርምሯል፤ እኔ እንደሆንኩ ብረት ነኝ። ሜቲ፣ ስሚማ! [አረንጓዴውን ይጫናል]

ኮምፒውተሩ፦ [በሴት ድምፅ፣ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ] ኑሪ። ዕድሜ ሃያ ስድስት። የደም ግፊት፣ ደህና።

ኑሪ፦ ሰማችሁ?

ኮምፒውተሩ፦ ማስታወሻ። ታካሚው ደም ሊቀዳለት ሲል ራሱን ስቶ ወደቀ። መርፌው ገና ከላስቲኩ አልወጣም ነበር።

ኑሪ፦ ውይ! ማነው ይሄን የጻፈው?

ኮምፒውተሩ፦ እናቱ በስልክ ተጠሩ።

ኑሪ፦ ዝም በይ! ማውዙ ደግሞ አሁን ይቆማል? [ሲደነብር ስክሪኑን ያጠፋል፤ ድምፁ ግን ይቀጥላል] ኧረ ዝም በይ!

ገለታ፦ አረንጓዴውን ቁልፍ ብትጫነውስ?

[ኑሪ ሳያስበው ይጫነዋል።]

ኮምፒውተሩ፦ ኑሪ። ዕድሜ ሃያ ስድስት።

ኑሪ፦ ከመጀመሪያው ጀመረች!

ብርኽቲ፦ ተዋት ልጄ፣ እናትህ የመጡበትን በደንብ አልሰማሁትም።

[ከካርድ ክፍሉ መስኮት የሜቲ ሳቅ ይፈነዳል። ገለታ ጎንበስ ብለው የኮምፒውተሩን ሳጥን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ቀዳዳውን ያገኙና ኢርፎናቸውን ይሰካሉ። ስፒከሮቹ እንደ ታነቀ ዶሮ ቀጥ ይላሉ።]

ገለታ፦ ሃያ ሰባት ዓመት ስሰካ ስነቅል ነው የኖርኩት። [ጆሯቸው ላይ አድርገው] እንዴ!... ኧረ ባክህ!... ይሄንንም ጻፉት?

ኑሪ፦ ምንድነው? ምን ይላል?

ገለታ፦ የግል መዝገብ ነው ልጄ። አይነገርም።

ኑሪ፦ የኔ እኮ ነው!

ገለታ፦ አየህ? የራስን ወሬ ከሰው መለመን እንዲህ ነው። በል፣ ስክሪኑ እንደጠፋ ይቆይ፣ እኔ አልፈልገውም። የእኔን የካርድ ቁጥር ምታልኝ። የይለፉን ራሴ እመታለሁ፤ አንተ ዞር በል።

[ኑሪ ዞር ይላል። ገለታ ያዳምጣሉ። ፊታቸው አይነበብም፤ በትራቸውን መታ መታ ያደርጉ የነበሩት ጣቶቻቸው ብቻ ቆመዋል። ቆይተው ኢርፎኑን ነቅለው ቀስ ብለው ይጠቀልላሉ።]

ገለታ፦ እሺ። ቀኑን ወደ ዛሬ መልሰው። ሃያውንም እንዳታርመው፤ እስከ ሠርጉ ለጠየቀህ ሁሉ "ሲስተሙ እምቢ አለ" በል።

ኑሪ፦ ጋሼ... ያን ዕለት የወደቀው እኔ እንደሆንኩ ያውቁ ነበር?

ገለታ፦ ስትወድቅ "እማዬ!" ብለሃል። እኔ ድምፅ አልረሳም።

[ገለታ ተነሥተው ወደ በሩ ሲያመሩ እትዬ ብርኽቲ መንገድ ይዘጉባቸዋል።]

ብርኽቲ፦ ገለታ፣ ምን ተባልክ?

ገለታ፦ ምን እባላለሁ ብርኽቲ! ደም የሰጠኸው ነገ ነው አለኝ።

ብርኽቲ፦ ነገ? አንተ ልጅ፣ እውነቱን ነው?

ኑሪ፦ [ስክሪኑን አብርቶ ቀኑን ወደ አሥራ ዘጠኝ እየመለሰ] ሲስተም አይሳሳትም እትዬ።

[የበትሩ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ ይርቃል። ኑሪ ውጤቱን ለማወቅ ጓጉቶ እጁን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። የአቶ ገለታን የካርድ ቁጥር ጣቱ ገና አልረሳውም፤ ለእሱ ደግሞ የማይከፈት መዝገብ የለም። እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተና ወደ በሩ ሮጠ፤ ከሰውየው ከራሳቸው ሊጠይቅ። ገለታ "ስታዲየም! ስታዲየም!" ወደሚለው ታክሲ አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። ኑሪ "ጋሼ!" ብሎ አፉን ከፈተ። ያኔ ትከሻው ሥር የእትዬ ብርኽቲ ትንፋሽ ተሰማው። ጥያቄውን ውጦ አፉን እስኪዘጋ ታክሲው ታጥፎ ነበር።]