ጋሼ የሽዋስና ዘፋኝ የሌለው አልበም

ጋሼ የሽዋስ ሊፈቱት የተነሡት ችግር ይህ ነበር፦ ዘሚካኤል በጊታር ብቻ የተጫወተው የለስላሳ ጃዝ አልበም ወጣ፤ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ግን ዘፋኙን መጠበቅ ጀመረች። አንድ ባለ ባጃጅማ ስምንቱንም ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ፍላሹን ለሙዚቃ ቤቱ መለሰ። ድምፁ ሳይቀዳ ቀርቷል፣ አስተካክሉልኝ አለ።

በየከተማው አንድ አስረጂ አይጠፋም። ዝናብ ሲጥል ዝናቡን፣ ሲያባራ ማባራቱን የሚያስረዳ። የእኛው ክቡር አስረጂ አርባ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩት ጋሼ የሽዋስ ናቸው። "ባጭሩ ላስረዳችሁ" ካሉ የተቀመጠ ይመቻቻል፣ የቆመ ማምለጫ ይፈልጋል። ዘሚካኤል ተማሪያቸው ነበር፤ ፈተና ወድቆ ጊታር ሲያነሣ "ደግ አደረግህ" ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ አልበሙን እንደ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ያዙት። ፀጉር ቤት ገብተው፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ሰው አስቁመው፣ ገመድ እንዴት እንደሚርገበገብ አስረዱ። ለራሱ ለዘሚካኤልም አራተኛው ሙዚቃ ብር የሚባለውን ወንዛችንን ስለ መሻገር እንደሆነ ነገሩት። ጨዋ ነውና አመሰገነ።

የምረቃው ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት፣ የሆቴሉ ግቢ ሞላ። ከቡሬ ሳይቀር ሰው መጣ። ዘሚካኤል ጊታሩን አቅፎ ሦስተኛውን ሙዚቃ ሊጀምር ሲል ጋሼ የሽዋስ ማይኩን ያዙ። ማስረጃቸው ሦስት ነበር፦ ሙዚቃው በትዝታ ቅኝት ነው፤ ይጎተታል፤ ሽፋኑ ላይ ከርእሱ ጎን "ለእናቴ" ይላል። እንግዲህ ሟች እናቱን የሚያለቅስበት ነው አሉ። እናቱ እንዴት እንደደከሙለት፣ ለዚህ ቀን ሳይበቁ እንዴት እንዳለፉ ሲተርኩ አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላዋ ሙሾ አወረደች። ወንዶቹም እየተነሡ ዘሚካኤልን "እግዜር ያጥናህ" ይሉት ጀመር።

ከፊት ወንበር፣ ጠዋት ከፈረስ ቤት ከተማ በአውቶቡስ የመጡት እናቱ እማማ ሀብትነሽ ቀስ ብለው ተነሡ።

"አንቱ መምህር፣ እኔ መቼ ነው የሞትሁት?"

ሳቁ አልቆም አለ። ዘሚካኤል ተጫወተ፤ የሰማው ግን የለም። የጋሼ የሽዋስን አንጀት የቆረጠው መሳቂያ መሆናቸው አልነበረም፤ ተማሪ አርባ ዓመት ሲስቅባቸው ኖሯል። ልጁ ሁለት ዓመት የለፋበትን ሙዚቃ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰሚ አጥቶ ሲጫወት ማየታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በጓሮ መንገድ ሄዱ። ሰላም ሲባሉ እንኳ መሬት መሬት እያዩ ያልፋሉ። ባጃጅ ተራው ያለ ማብራሪያ ሰነበተ፤ ስንሸሻቸው የኖርነው እኛም፣ ማመኑ ያሳፍራል እንጂ፣ ናፈቁን።

በሦስተኛው ሳምንት ስፒከር ይዘው ፈረስ ቤት ወጡ፤ እማማ ሀብትነሽ እግር ላይ ሊወድቁ። እማማ ሳያስጨርሷቸው ይቅር አሉና፣ ያን ቀን በጫጫታው የገዛ ሙዚቃቸውን እንዳልሰሙት ነገሯቸው።

"አሁን ያሰሙኝ። ዝም ብለው ግን።"

ሙዚቃው አምስት ደቂቃ ነው። ጋሼ የሽዋስ ገና በሁለተኛው ደቂቃ "እዚህ ላይ ልብ ይበሉ" አሉ። ወሬ የገባበት አይቆጠርም ብለው እማማ ከመጀመሪያው አስጀመሩት። እንደገና አልሆነም። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመላለሳሉ፤ ባለፈው ሦስት ደቂቃ ተኩል ደርሰዋል። ጊታሩ መሀል ላይ ፀጥ የሚልበት ቦታ ነው የሚጥላቸው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጋሼ የሽዋስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት መዳፋቸው አፋቸውን ይዘው፣ አራተኛውን ደቂቃ ጨርሰው አምስተኛውን ጀምረዋል።