ክቡር ጠጋ በሉ

ነገር እንዳለ ተቀምጦ ሲያይ ዐይኑ ደም የሚለብስ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ እንዋሰናለን። ሥራው ለትንንሽ ልጆች ቁጥር ማጠጋጋት ማስተማር ነው። አንዱ ልጅ አርባ ሰባት ያለ እንደሆነ እንደ ታክሲ ረዳት «ጠጋ በሉ! ሃምሳ!» ብሎ ይጮኻል። ልጆቹም «ክቡር ጠጋ በሉ» ብለው ሾሙት።

ማጠጋጋቱን እዚያው ክፍል ውስጥ ቆልፎበት ቢመጣ ምናለ! ዕድሜዬን ጠይቆኝ ስድሳ ስድስት ስለው «ሰባ ይበሉት፣ እማማ» አለኝ። አራት ዓመት በጠራራ ፀሐይ ተዘረፍኩ። የቤቴን በር ስፋት ሰማንያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ለክቶልኝ ሲያበቃ፣ ቁምሳጥን ለሚሠራልኝ አናጺ «ዘጠና» ብሎ ነገረው። ቁምሳጥኑ በበሩ አልገባ ብሎ በረንዳ ላይ ቀረ፤ ዛሬ ዶሮ ትታቀፍበታለች።

አንድ እንግዳ ስንት ልጅ እንዳለው ቢጠይቀው ደግሞ «ሦስት። ወደ አስር ካጠጋጋነው ግን ምንም የለኝም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ጌታው፣ ምሳህም አንድ ሰሃን ናት። እስቲ አጠጋጋት!»

እንዲህ እየናቅኩት ስኖር፣ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። «ነገ አልሄድም» አለች። ለካ ሰውየው መሬቱ ላይ በጠመኔ ከዜሮ እስከ አስር አስምሮ፣ ልጆቹን በየቁጥሩ አቁሞ «ወደሚቀርባችሁ ጫፍ ሩጡ!» ብሏል። እሷን አምስት ላይ ነው ያቆማት። ሁሉም ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ብቻዋን መሃል ቀረች። ልጆቹ «አምስት ዘመድ የላትም!» ብለው ሳቁባት። ልጄ ከሞተች ወዲህ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ቃሉ የት ላይ እንዳረፈ አላጣሁትም።

በማግስቱ እጇን ይዤ ሄድኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ «መምህር፣ አምስት ከሁለቱም ጫፍ እኩል ትርቃለች። ወዴት ትሂድ?» አልኩት።

«ወደ ላይ ነዋ። ሕግ ነው።»

«ለምን?» አለች የልጅ ልጄ ከቀሚሴ ኋላ።

ክቡርነታቸው ራሳቸውን አከኩ። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሰውየው ልጆቹን ሁሉ በየቁጥሩ መልሶ አቆመና አስሮጣቸው። እሷ እንደገና መሃል ቀረች። እሱ ራሱ አስር ላይ ሄዶ ቆመ።

«መሃል የቀረውን የላዮቹ ወርደው ይወስዱታል። ሕጉ ለዚህ ነው» አላቸው።

መጽሐፉ ላይ ይኑር አይኑር እንጃ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ እየተሯሯጡ ወርደው እጇን ይዘው ወሰዷት። ሰውየው «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉላት እንጂ!» እያለ ይጮኻል።

ቁምሳጥኑ አሁንም በረንዳው ላይ ነው፤ ያንን ይቅር አልልም። ዕድሜዬን ለሚጠይቀኝ ግን ሰባ እላለሁ።