የጋሼ ምን-ጎደለ ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ

በየሰፈሩ፣ በየፎቁ አንድ ምንም የማይጎድለው ሰው አለ። ካላመናችሁ የራሳችሁን ጎረቤቶች ቁጠሩ። ጫማው ውስጥ ካርቶን አንጥፎ «እግሬን ያሞቀዋል» የሚል፣ ሆዱ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ የሚምል ሰው አታጡም። የእኛ ፎቅ ላይ ያሉት ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ከኋላቸው ክቡር ጋሼ ምን-ጎደለ እንላቸዋለን፤ ከፊታቸው ጋሼ ብቻ።

ሥራቸው ከእንጨት አሻንጉሊት እየቀረጹ፣ በክር እያንቀሳቀሱ ትያትር ማሳየት ነው። በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ «እንዴት አደሩ?» ስላቸው መልሳቸው «ምን ጎድሎኝ!» ነው። አንድ ክረምት የመስኮታቸው መስታወት ተሰብሮ በጋዜጣ ሲደፍኑት አይቼ «አይበርድዎትም?» ብላቸው፣ «ምን ጎድሎኝ፣ የማነበው አገኘሁ» አሉኝ። ጃንጥላቸው አፍስሶ ኮታቸው ሲረጥብም «መታጠብ ለሁሉም ጥሩ ነው» ብለው ደረጃውን እያፏጩ ወጡ።

እውነቱን ግን ሁላችንም እናውቃለን። አሥራ አንድ ዓመት የለፉበት ትያትር አለቀ ሲባል አያልቅም። ሃያ ስምንት አሻንጉሊት ያስፈልገዋል፤ ሃያ አምስቱ መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፣ ሦስቱ ገና ጭንቅላት ብቻ ናቸው። አዳራሽም በነፃ አይገኝም። በዚያ ላይ የጋሼ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ዘንድሮ ካላሳዩት አያሳዩትም» አለችኝ ከላይ የምትኖረው ነርስ። አቅም ላጠራቸው የጥበብ ሰዎች ድጋፍ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ አይታ ቅጹን ያመጣችላቸው እሷ ናት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሞሉት። «ያጋጠመዎትን የገንዘብ ችግር ይግለጹ» በሚለው ሥር፣ የሠርግ ጥሪ በሚመስል እጅ ጽሕፈት፣ «ምስጋና ይግባው፣ ምንም አልጎደለኝም» ብለው ጻፉ።

«ጋሼ! የጠየቁዎት እኮ ጤናዎን አይደለም!» ብላ ነርሷ ጮኸች። ሌላ ቅጽ አምጥታ ራሷ ሞላችው። ጋሼ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈረሙ።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሥራቸውንና ኑሯቸውን የሚያይ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል ይላል።

ሰኞ ዕለት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እህቴ፣ ያን የጠረጴዛ ዳንቴልሽን ለአንድ ቀን ታውሺኛለሽ? እንግዳ ሊመጣብኝ ነው።»

ሰጠኋቸው። ራሴ የሠራሁት ነው፤ ጥጉ ላይ አንዷን አበባ ተሳስቼ በአምስት ፈንታ ስድስት ቅጠል አድርጌባታለሁ፤ ያቺን ጥግ ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩልኝ ብቻ ለመንኋቸው። ከእኔ ወጥተው ከምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ አራት ወንበር፣ ከነርሷ እናት ምንጣፍና ብርጭቆ ተዋሱ። ሰው ሲቸገር ይዋሳል፤ ጋሼ ያልተቸገሩ ለመምሰል ተዋሱ።

ማክሰኞ እንግዳዋ ፋይሏን ይዛ ገባች። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ቆሜያለሁ። ነርሷ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ በክፍቱ በር ወደ ውስጥ አየችና ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች።

«ጉድ ፈላ! ይሄ የሚኒስትር ቤት ነው የሚመስለው! በዚህ ዓይነት ማን ይሰጣቸዋል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይግቡና ዳንቴልዎን ይውሰዱ።»

«እኔ? እንግዳ ፊት?»

«እርስዎ አምስት ደቂቃ ቢያፍሩ ይሻላል፣ ወይስ አሻንጉሊቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ጭንቅላት ብቻ ሆነው ቢቀሩ?»

እኔ ሱቅ ውስጥ ተራዬን ለነጠቀኝ ሰው ይቅርታ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ግን ገባሁ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ዳንቴሉን ላጥበው ነበር» አልኩና ሳብ አደረግሁት።

ጠረጴዛው ራቁቱን ቀረ። ሦስት እግር ነው ያለው፤ በአራተኛው ቦታ ጡብ ተደርድሮለታል።

ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ብቅ አለ። «እኔም ደንበኞች ቆመውብኛል» ብሎ ሦስቱን ወንበሮች አነሳና እንግዳዋ ፊት ጎንበስ አለ፤ «ይቅርታ እመቤቴ፣ የተቀመጡባትም የእኔ ናት።» ነርሷ ምንጣፉን ጠቀለለችው። እንግዳዋ ባዶ ወለል ላይ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ነርሷ ብርጭቆውንም አየት አድርጋ ነበር፤ ግን ተወችው።

«ምን ጎድሎኝ» አሉ ጋሼ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

እንግዳዋ ከጠረጴዛው እግር ወደ መደርደሪያው አየች። መደርደሪያው ላይ ያለችው ንግሥት ወገቧ ልክ እንደ ጠረጴዛው እግር ተጠርቦ ክብ ክብ ነው።

«ጋሼ፣ እንጨቱን ከየት ነው የሚያገኙት?»

ጋሼ ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን ጡብ ማስተካከል ያዙ። እኔ ሳላስበው አፌ ተከፈተ፤ «ስድስት ወንበር ነበራቸው። ሃያ አራት እግር። ንግሥቲቱ የጠረጴዛው ናት።»

እንግዳዋ በጣቷ ቆጠረች። «የቀሩትስ ሦስቱ አሻንጉሊቶች?»

«ጠረጴዛው ገና ሦስት እግር አለው» አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔስ ምንም አልጎደለኝም። እነሱ ግን ጎድሎባቸዋል። ለእነሱ ከሆነ እለምናለሁ።»

ንግሥቲቱን አወረዱና ክሯን ያዙ። እጃቸው ክሩን ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። ንግሥቲቱ ባዶው ወለል ላይ ተራምዳ ለእንግዳዋ ጫማ እጅ ነሳች። እንግዳዋ ብርጭቆዋን መሬት አስቀምጣ፣ እሷም እጅ ነሳች።

ድጋፉ ተፈቀደ! ነርሷ ደብዳቤውን ከደረጃው ጫፍ ሆና ጮክ ብላ አነበበች፤ ልብስ ሰፊው በመቀሱ የደረጃውን ብረት እየደበደበ ዘፈነ። ጋሼ እውነተኛ እንጨት፣ ጥሩ ክርና አዳራሽ አገኙ። ሃያ ስምንቱም በሁለት እግራቸው ቆሙ።

ትያትሩ የታየ ቀን የንግሥቲቱን ቀሚስ ስተኩስ ዘገየሁ። ቀሚሱን ከመድረክ ጀርባ አስረክቤ ስገባ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንደ ልማዴ በሩ ሥር ልሸጎጥ ስል ጋሼ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። አንድ አዲስ ወንበር ተሸክመዋል። ሕዝቡ ሁሉ እያየ ከፊት ረድፍ አስቀመጡትና በጣታቸው ጠሩኝ።

«በእጄ የሠራሁት ነው» አሉኝ። «ተቀመጪ። ይሄኛው አይቆረጥም።»

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሕዝቡ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ። ወንበሩ አሁን ቤቴ ነው። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ መልሴን እሰጣለሁ፦

«ምን ጎድሎኝ!»