ሻንሲው ግሏል

ሊቁ፦ ሻንሲ አይደለም፣ አባባ። ቻሲስ ነው የሚባለው።

አማት፦ እኔስ ምን አልኩ? ሻንሲ።

ሊቁ፦ ሻንሲ የመኪና ነው። ይኼ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚያገናኘው ማሽን አጽም ነው። ካርዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን።

አማት፦ የመኪናውም አጽም ነው እኮ፤ ሁሉ ነገር እሱ ላይ ይታሰራል። ሠላሳ ዓመት ከሥሩ ተኝቼ አይቼዋለሁ።

[ሊቁ የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። አንድ ሲጠይቁት ሦስት ስለሚመልስ ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሱ ግን ሙገሳ መስሎት ተቀብሎታል። ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ደረቱ ድረስ በሚደርስ ማሽን ፊት ተንበርክኳል። ሚስቱ ማለዳ ምጥ ይዟት ሦስተኛ ፎቅ ገብታለች። የደሟ ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚሄደው በዚሁ ማሽን በኩል ነው፤ ማሽኑ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው መስመሩን ይቆርጣል። በር ላይ የቆሙት አዛውንት የሚስቱ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መካኒክ። አሁን ገና መግባታቸው ነው።]

አማት፦ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ከላይ ልከውኝ ነው።

ሊቁ፦ ከላይ ያሉትማ መላክ ነው ሥራቸው። እስካሁን ሁለት ሰው ልከውብኛል። ሥራ አስኪያጁን ገና ነው ይበሉልኝ። ይልቅ ይህችን ባትሪ ይያዙና እዚህ ጋ ያብሩልኝ።

አማት፦ [ባትሪውን ተቀብለው] ሥራ አስኪያጁ እኮ አይደሉም…

ሊቁ፦ ምክትሉም ይጠብቁ። ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ቀዩን መብራት አዩት? ካርዱ ታሟል። አወጣውና መልሼ እሰካዋለሁ።

አማት፦ ካርድ ለማውጣት ማዶ መሰለፍ ነው። ጠዋት ለልጄ ሳወጣ አንድ ሰዓት አቁመውኛል።

ሊቁ፦ የታካሚ ካርድ አይደለም። ማሽኑን እንደ ቁም ሣጥን ይዩት፤ ካርዶቹ መሳቢያዎቹ ናቸው። አንዱ ሲበላሽ እሱ ብቻ ይወጣል። ማሽኑ መጥፋት እንኳ የለበትም።

አማት፦ ሞተሩ እየሠራ?

ሊቁ፦ እየሠራ።

አማት፦ ሞተር እየሠራ ቺንጋውን፣ የሚሽከረከረውን ቀበቶ፣ ላውልቅ ያለ ረዳት ነበረኝ። ዛሬ በግራ እጁ ነው የሚበላው።

[ሊቁ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ፤ ፈርቶ እንዳይመስልበት አፍንጫውን አከክ አደረገ። ከዚያ ካርዱን ስቦ አወጣና መልሶ ሰካው። ቀዩ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴ በራ። ሁለቱም መብራቱን እያዩ ጠበቁ። ቀይ ሆነ። ያኔ የሊቁ ስልክ ጮኸ።]

ሊቁ፦ [በስልክ] አዎ፣ ዋናው ሞቷል… ማለዳ ላይ። ምንም አይደል፣ ተጠባባቂው ቦታውን ይዟል… እሱንማ ከሰዓት በኋላ አውጥተን እንጥለዋለን። [ዘጋው]

አማት፦ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆች ነበሯቸው?

ሊቁ፦ የማን?

አማት፦ የዋናው ሥራ አስኪያጅ። ሞቱ አላልክም? ምነው ግን፣ ሰው አውጥተን እንጥለዋለን ይባላል? አለቃ ቢሆኑስ።

ሊቁ፦ ዋናው ካርድ ነው የሞተው፣ አባባ። ማሽኑ ሁለት አለቃ ካርድ አለው። አንዱ ሲሞት አንዱ ይረከባል።

አማት፦ ሁለት አለቃ ካለበትማ መበላሸቱ ምን ይገርማል።

[ሊቁ ላፕቶፑን ከፈተ። ከመውለዷ በፊት ውጤቱ ካልደረሰ፣ ደም ቢያስፈልጋት ዓይነቱን ማን ያውቃል? ይህን ለአማቱ መናገር አልፈለገም፤ አዛውንቱን ማስደንገጥ መሰለው።]

አማት፦ ወረቀቱን እኮ ልጄ፣ እኔው…

ሊቁ፦ ወረቀት ቀርቷል። ዛሬ ሁሉም ነገር በመስመር ነው የሚሄደው።

አማት፦ ልጅቷም ብትሆን…

ሊቁ፦ ለሷ ብዬ አይደል የምለፋው? እባክዎ፣ ባትሪውን ይያዙና ለአፍታ ዝም ይበሉልኝ። የሶፍትዌር ችግር ነው፤ ሐሳቤን ልሰብስብ።

[አማት ዝም አሉ። ዝም ማለት አይከብዳቸውም፤ ደግሞ እንደ ማሽኑ ማራገቢያ የሚሽከረከር ነገር ካዩ የመጡበትን ይረሳሉ። መዳፋቸውን ማሽኑ ጎን ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱት። ቀጥለው ፊት ለፊቱ ላይ ወዳሉት ሁለት ባዶ ጉድጓዶች እጃቸውን አስጠጉ።]

አማት፦ ሻንሲው ግሏል።

ሊቁ፦ ቻሲስ። ሥራ ስለበዛበት ነው።

አማት፦ እነዚህ ሁለቱ ክዳን አልነበራቸውም?

ሊቁ፦ ነበራቸው። ባዶ ቦታ ስለሆነ አወለቅኩላቸው፤ እንዲናፈስ።

አማት፦ መቼ?

ሊቁ፦ የዛሬ ሳምንት።

አማት፦ መበላሸት የጀመረውስ?

ሊቁ፦ የዛሬ ሳም…

[ሊቁ ወደ ሁለቱ ባዶ ጉድጓዶች ዞሮ አየ።]

አማት፦ አየር እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ነው፣ ልጄ። አቋራጭ በር ካገኘ ሥራው ጋ አይደርስም። ማራገቢያው ሲስበው በዚህ ይገባና፣ የጋሉት ካርዶች ጋ ሳይደርስ ውልቅ ይላል። የራዲያተር መከለያ እያወለቁ መኪናዬ ጋለ የሚሉኝ ጎረምሶች ስንቱን ሞተር ከሰል አድርገውታል። ክዳኖቹ የታሉ?

[ሊቁ አንዱን ከሻይ ብርጭቆው ሥር አነሳ። ሁለተኛው ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ወጣ። አማት ከኪሳቸው ብሎን መፍቻ አውጥተው ክዳኖቹን ራሳቸው አሰሩ፤ የሊቁን መፍቻ አይተው እንኳ አልነኩትም። ቀዩ መብራት ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ጠበቁ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሩብ ሰዓት ሆነ። አረንጓዴው መብራት እንደበራ ቀረ። ሊቁ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገና ወደ ላቦራቶሪ ደወለ።]

ሊቁ፦ [በስልክ] መስመሩ ተስተካክሏል፤ የባለቤቴን ውጤት አሁኑኑ ላኩ… ምን ማለት ነው ሄዷል? በምን ሄደ?… የምን ሽማግሌ?

[ስልኩን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወረደ።]

አማት፦ እኔ ነኝ። ጠዋት ማሽን ተበላሽቷል ሲሉኝ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ አልኩና ይዤ ወጣሁ። ሦስት ፎቅ ነው። ሁለቴ ነው ያረፍኩት።

ሊቁ፦ እና… እሷስ?

አማት፦ ደህና ናት። ደምም አላስፈለጋት። ከወለደች እኮ ቆየች፤ አባትየውን ጥራ ብለው ነው የላኩኝ።

ሊቁ፦ ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት አይነግሩኝም?

አማት፦ አራት ጊዜ ጀምሬልህ ነበር፤ ጆሮ አልሰጠኸኝም። [ባትሪውን አጥፍተው መለሱለት] ሴት ናት። ጆሮዋን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ እግዜር ይመስገን፣ የእናቷ ነው።