የኪያሩ ዘመቻና የመሐል ሜዳ እንባ

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ኢሕአዴግ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው፣ ባለቀለም ቴሌቪዥን በመሐል ሜዳ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ስማቸው ከገበያው እስከ መናኸሪያው የተጠራ፣ የአንድ ዴክና የአንድ ጄኔሬተር ጌታ፣ በጨለማ ለተቀመጡት ብርሃንን የሚያሳዩ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ሪሞት የተባለ (ፈረስ እንኳ አልነበራቸውም፤ ሪሞቱም ባትሪ ከጨረሰ ቆይቷል) ሊቀ ቪዲዮ ምንይሉ፣ ኪያርን በአቼቶ ዘፍዝፈው የመንዝን ሰው በፊልም ቤት እንዴት እንዳበሉና ከዚህም የተነሣ ምን እንደ ሆነ፣ ያየነውን ሳንቀንስ፣ የሰማነውንም ጥቂት ብቻ ጨምረን እንጽፋለን።

ቤተ መንግሥታቸውም በአማታቸው በወይዘሮ አስካለ ማርያም ግቢ ያለች አንዲት ሰፊ ክፍል ነበረች። መስኮቶቿ በጥቁር የበግ ጠጉር ዝተት ተጋርደው፣ አግዳሚዎቿ ከባሕር ዛፍ ተጠርበው፣ ቴሌቪዥኑ ከፍ ባለ ሣጥን ላይ እንደ ታቦት ተቀምጦ፣ በስተቀኙ ሊቀ ተርጓሚያን ታዲዮስ ይቆም ነበር፤ ይህም ሰው ሕንድኛ የማያውቅ፣ ነገር ግን ሕንዶች በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ሊሉ እንደሚችሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው። በበሩ ላይ ፈንታ ነበረ፤ እርሱም ትኬት ቆራጭ፣ ጄኔሬተር አስነሺ፣ አምፖል አብሪና አጥፊ፣ ሰካራም አውጪ ነው። ሊቀ ቪዲዮም ከዚህች አዳራሽ በፊት ሱፍ ነግደው የከሰሩ፣ ጎማ ለጥፈው ያፈነዱ፣ ሰውም ሁሉ «የእየሩስ ባል» እያለ በሚስታቸው ስም የሚጠራቸው ነበሩ። ምንይሉ ተብለው በገዛ ስማቸው መጠራት የጀመሩት አዳራሹ ከተከፈተ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ይወዷት ነበር።

በዚያም ዓመት ከገበያው ማዶ ዲሽ የተከለ ሌላ ቤት ተነሣ፤ የእንግሊዝንም ኳስ በቀጥታ ያሳይ ጀመር። ሕዝቡም አንድ በግ የዘለለበትን ሁሉም እንደሚዘለው ወደዚያ ጎረፈ። በሊቀ ቪዲዮ አዳራሽ የቀሩት የቀድሞው ሚሊሺያ አቶ ተገኘና ሁለት እንቅልፋም ሰዎች ብቻ ሆኑ። ይህን ያዩት ወይዘሮ አስካለ ማርያም፣ የሁለት ጋሻ ባድማ እመቤት፣ ነገር የማይደግሙ፣ በበሩ ላይ ቆመው፣ ልጃቸው እቴጌ እየሩስ እየሰሙ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ምንይሉ፣ ስማኝ። ገብሴን ውጭ አይጥ እየፈጀው ቤቴ ባዶ አግዳሚ ታቅፎ አይኖርም። እስከ ቃና ዘገሊላ ማግሥት ገበያ ታግሻለሁ። ያን ቀን ሞልቶ ካላገኘሁት ገብሴን ከነጆንያው አስገባለሁ፤ ቴሌቪዥንህንም ከፈለግህ እላዩ ላይ አስቀምጠው።»

ሊቀ ቪዲዮም ይህን ሰምተው እህል አልወርድ አላቸው። ሌሊት እየተነሡም ባዶዋን አዳራሽ እየዞሩ አግዳሚውን በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር፤ እንደገና «የእየሩስ ባል» መባል ከሞት ይልቅ ይከብዳቸው ነበርና።

በዚያም ወራት ለኅዳር ጽዮን፣ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ አፈወርቅ የተባለ የእቴጌይቱ ያክስት ልጅ መጣ። በጠላም መካከል፣ ሳያስበው፣ ከአንድ የሆቴል እንግዳ የሰማውን ተረከ፤ በአሜሪካ ቴክሳስ በሚባል አገር ሰው ፊልም ሲያይ በአቼቶና በእንስላል የተዘፈዘፈ ሙሉ ኪያር እንደ ሸንኮራ በእጁ ጨብጦ ይገምጣል አለ። አዘገጃጀቱንም ነገረ፤ አቼቶውን እኩል በውሃ አቅጥን፣ ጨው ጨምር፣ ነጭ ሽንኩርትና እንስላል ጣልበት፣ ከድነህ አቆየው ብሎ፣ የተረፈውን ጠላ ጨልጦ ተነሣ። ሊቀ ቪዲዮ ግን አልተነሡም፤ ዲሽ ያለው ቤት ይህን አይሰጥምና። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በዚያችው ሰዓት ዘመቻ ቆረጡ። የከተማውም ሰው ይህን በሰማ ጊዜ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያለ ሳቀባቸው።

ኪያር በመንዝ ብርድ አይበቅልምና ወደ መርሐቤቴ ቆላ መውረድ ግድ ሆነ። አብረዋቸውም የዘመቱ እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ ታዲዮስ፣ በግራ ፈንታ፣ በደጀን ሁለት አህዮች፣ አንዱ የተከራየ፣ አንዱ የተለመነ። ከመሐል ሜዳ ተነሥተው በገደሉ አፋፍ ሰፈሩ፤ ከአፋፉ ተነሥተው በጀማ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ሙቀቱም እንደ ምድጃ በሆነ ጊዜ ሊቀ ቪዲዮ በርኖሳቸውን ለማውለቅ እምቢ አሉ፤ ያለ በርኖስ የመጣ የመንዝ ሰው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል ብለው፣ ላባቸው በጢማቸው እየወረደ በግርማ ወደ አትክልቱ ማሳ ገቡ። የቆላውም ገበሬ ይህን ሁሉ ኪያር ለምን ፈለጋችሁት ብሎ ቢጠይቅ፣ ታዲዮስ «ለቴሌቪዥን ነው» ብሎ መለሰ። ገበሬውም ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀም፤ ብቻ ሂሳቡን ቶሎ ተቀበለ።

በመልሱም ጉዞ ዳገቱ ላይ ከባድ ጦርነት ሆነ። የተለመነው አህያ የተከራየውን አህያ ጭነት ከኋላ እየጎረሰ ይከተል ነበርና፣ ፈንታ ባየው ጊዜ ከኪያሩ ሠራዊት ሲሶው ወድቆ ነበር። ፈንታ በዱላ፣ አህያው በእርግጫ ተዋጉ፤ ፈንታም በጭኑ ቆሰለ፣ አህያው ግን እያላመጠ ቀረ። ሊቀ ቪዲዮ በወደቁት ላይ ጥቂት ካዘኑ በኋላ የተረፉትን በበርኖሳቸው ሸፍነው በድል መሐል ሜዳ ገቡ።

እቴጌ እየሩስ የእናታቸውን የጠላ ጋን አጥበው፣ በወይራ አጥነው አቀረቡ። ኪያሩ ገባ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ገባ፣ ከጓሮ የተቀጠፈ እንስላል ገባ፣ ሚጥሚጣም ማንም ሳያዝዝ ገባ። አቼቶው ተንቆርቁሮ ሲያበቃ እቴጌይቱ ውሃውን ቢያነሡ፣ ሊቀ ቪዲዮ እጃቸውን ያዙ። በመንዝ ለእንግዳ በሚቀርብ ነገር ላይ ውሃ ማብዛት የስስት ሁሉ አባት ነውና፣ ምንይሉ ቅራሪ አጠጣን የሚል ሰው በሕይወቴ እያለሁ አይነሣም አሉ። እቴጌይቱም አፈወርቅ እኮ በውሃ ብሏል ቢሉ፣ አፈወርቅ አዲስ አበባ ከርሞ ሰው ማክበር ረስቷል ብለው ንጹሑን አቼቶ እስከ አፉ ሞሉት። የጋኑም አፍ በጭቃ ተመረገ።

ሰውም ሊቀምስ፣ ሊያሸት፣ በጣቱ ሊነካ መምጣት በጀመረ ጊዜ፣ ጋኑ በአባቶች ሥርዓት፣ እስከ ቀኑ ድረስ ከብት እንደማይገባበት እንደ ጓሳ ግጦሽ፣ ተከለከለ። ሊቀ ቪዲዮም በፈንታ አፍ እንዲህ ሲሉ በገበያ አስነገሩ፦

«መስሚያ ያለህ ስማ! ጓሳ ሲዘጋ ከብትህን እንደምታስር፣ አሁንም ጣትህን እሰር። ጋኑ ተዘግቷል። የሚከፈተው በቃና ዘገሊላ ማግሥት ነው። ከዚያ በፊት ምርጊቱን የነካ፣ ያን ቀን ሌላው ሲበላ ቆሞ ያያል።»

ሥርዓቱ የታወቀ ነውና ማንም አልደፈረውም።

ቀኑም ደረሰ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ገብሱን በዐሥራ ሁለት ጆንያ ሞልተው፣ ተሸካሚዎች ቀጥረው፣ በግቢው ውስጥ አሰልፈው ይጠብቁ ነበር። በአዳራሹ የገቡት ግን ከአሥር አይበልጡም፤ እነርሱም ኪያሩን ሊያዩ እንጂ ፊልሙን አልነበረም። ምርጊቱ ተሰበረ፤ ሽታውም በወጣ ጊዜ ፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ዞሩ። ፊልሙም እናት ልጇን በባቡር ጣቢያ ግርግር የምታጣበት የሕንድ ፊልም ነበረ። ሊቀ ቪዲዮ በገዛ እጃቸው ለእያንዳንዱ ኪያር አደሉ።

መጀመሪያ የገመጡ አቶ ተገኘ ናቸው። እኒህ ሰው ጥይት ከባታቸው ሲወጣ ትንባሆ ይስቡ ነበር ይባላል። በገመጡም ጊዜ አቼቶው ከምላስ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ዓይን ወጣ። ሰው እያየ መትፋት ነውር፣ ፊት ማጨማደድ ነውር፣ ማሳልም ነውር ሆነባቸውና ጸጥ ብለው አላመጡ፤ እንባቸው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ በጉንጫቸው ወረደ። በዚያው ቅጽበት እናቲቱ በባቡሩ መስኮት ልጇን ትጣራለች፤ ታዲዮስም «ልጄ፣ ያለ አንተ ቤቱ ይሰፋብኛል» ብሎ ከራሱ ጨምሮ ተረጎመ። በጎናቸው የተቀመጠው ሰው ዞሮ አያቸው። አቶ ተገኘም ዓይናቸውን ሳይጠርጉ ኪያሩን ከፍ አድርገው አሳዩት፤ ያስለቀሰኝ ይህ ነው ማለታቸው ነበር። ሌሎቹም ገመጡ፤ ሁሉም አለቀሱ፤ ሁሉም ኪያሩን አሳዩ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንዳንዱ ያልገመጠውን ኪያር በእጁ ይዞ ሲያለቅስ ታየ።

ወሬውም እሳት ሆኖ ገበያውን ተሻገረ። በማዶው ቤት ኳሱ ገና ሳይጋመስ፣ በምንይሉ ቤት ተገኘ አለቀሱ የሚል ተሰማ። ይህን የማያይ ማን አለ? ሰው ኳሱን ጥሎ መጣ። በርኖስ ለባሽ፣ ጋቢ ለባሽ፣ በግ ሻጭ ከነበጉ፣ ሸማ ሠሪ፣ አንጥረኛ፣ ከራቤል ለገበያ የወጣ መንገደኛ፣ የቀበሌ ጸሐፊ፣ ሁለት ዲያቆናት በጥላ ሥር ተሸሽገው ገቡ። አግዳሚው ሞላ፣ መሬቱ ሞላ፣ በሩም ሞላ። ፊልሙ ከመጀመሪያው ይደገም ተባለ። በመንዝ ወንድ ልጅ ከለቅሶ ቤት ውጭ አያለቅስም፤ በለቅሶ ቤትም ቢሆን በልክ ነው። አሁን ግን ኪያር የያዘ ሁሉ ፈቃድ እንደ ያዘ ሆነና፣ ሰዎች ስንት ዘመን ያቆዩትን እያወጡ በጨለማው ውስጥ አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ቀን በእውነት አልገደደም።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ግን ይህ ሰው ለነጻ ኪያር እንጂ ለፊልም አልመጣም፣ አያታልለኝም ብለው፣ ተሸካሚዎቹን በደጅ አቁመው ገቡ። አቶ ተገኘ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁላቸው። ሊቀ ቪዲዮም የፍርድ ሰዓታቸው እንደ ደረሰ አውቀው፣ በሁለት እጃቸው ኪያር አቀረቡ። ወይዘሮዋም አንድ ጊዜ ብቻ ገመጡ።

ስለ እኒህ ሴት ሰው የሚያወራው ነገር ነበረ። ባላቸው አቶ ወልደ ሥላሴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። በቀብሩ ቀን ድንኳኑን ያስተከሉ፣ ንፍሮውን ያስቀቀሉ፣ ካህናቱን በየማዕረጋቸው ያስቀመጡ እሳቸው ነበሩ፤ አንዲት ዘለላ እንባ ግን አላፈሰሱም። ልባቸው ድንጋይ ነው ተባለ። እውነቱ ግን ያን ቀን ፋታ አልነበራቸውም፤ ፋታ ባገኙ ጊዜ የለቅሶው ጊዜ አልፎ፣ ዘግይቶ ማልቀስ ደግሞ አሳፈራቸው። እንዲሁ ከዓመት ዓመት አለፈ።

በፊልሙም መጨረሻ እናቲቱ አርጅታ ለብቻዋ ማዕድ ትቀርባለች፤ ታዲዮስም እዚህ ላይ የሚለው ጠፍቶት ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የወይዘሮ አስካለ ማርያም ልቅሶ ተሰማ። ድምፃቸውን ሊይዙት ሞክረው አልቻሉም፤ ወልዴ፣ ወልዴ ይሉ ነበር። ኪያሩ ከጭናቸው ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ አላነሡትም። እቴጌ እየሩስ በሰው መካከል ሾልከው ከእናታቸው እግር ሥር ተቀመጡና እርሳቸውም አለቀሱ፤ ሊቀ ቪዲዮም አንድም ኪያር ሳይቀምሱ አለቀሱ።

ፊልሙ አለቀ። ፈንታም እንደ ልማዱ አምፖሉን ሊያበራ እጁን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ ሊቀ ቪዲዮ ምንይሉ ዘለው የፈንታን እጅ በጨለማ ያዙ። ይህ ነው ታላቁ ሥራቸው፤ የጀማው ዘመቻ፣ የአህያው ጦርነት፣ የጋኑ ክልከላ ሁሉ ከዚህ በታች ነው። ያም ጨለማ ወይዘሮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን እስኪያጠሩ ድረስ ቆየ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልተንቀሳቀሰም፣ በጉም እንኳ አልጮኸም።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ወደ ደጅ ወጥተው፣ በገብሱ ፊት ቆመው፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ገብሱን ወደ ነበረበት መልሱት። ክፍሏ የምንይሉ ናት። ከእንግዲህም በዚህ ቤት ፊልም ሲያልቅ መብራት ቶሎ አይብራ።»

ተሸካሚዎቹም ጆንያውን አንሥተው ተመለሱ። አፈወርቅ በፋሲካ መጥቶ በቀመሰ ጊዜ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ውሃውን ረስታችኋል እኮ ብሎ ጮኸ፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

ምስጋና ይገባቸዋል ለሊቀ ቪዲዮ ምንይሉ፣ ለአባ ሪሞት፣ በበርኖስ ቆላ ለወረዱ፣ ከአህያ ጋር ለተዋጉ፣ አቼቶን ሳያቀጥኑ ላቀረቡ! የቀደሙት ታላላቆች ለሕዝባቸው ብርሃን አበሩ ተብለው ተመሰገኑ፤ እሳቸው ግን አንዲት ሴት ፊቷን እስክትጠርግ ብርሃኑን ያዘገዩ ናቸውና ከሁሉ ይልቅ ይመሰገናሉ። ዛሬም በመሐል ሜዳ የእየሩስን ባል አያችሁት ወይ ቢባል፣ የቱ ነው እሱ ብሎ የሚጠይቅ እንጂ የሚያውቅ የለም።